«ቁም!» የማለት ሥልጣን

እነሆ ከረጅም ዝምታ በኋላ ብዕሬን አንሥቻለሁ። በዚህ ገጽ ላይ የለመዳችሁት የፓርላማና የፓርቲ፣ የምርጫና የሕገ መንግሥት ወግ ነው። ዛሬ ግን ስለ ገመድ ልጽፍ ነው። «ፖለቲካው ሰለቸው እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። አልሰለቸኝም። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ፣ ስለ ገመድ መጻፌ ከቁም ነገሩ መሸሼ እንዳልሆነ ትረዱልኛላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨር ከተማ ነው። ከተማይቱ ከሮኪ ተራሮች ግርጌ አጠገብ የተቀመጠች በመሆኗ ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር ነዋሪዋ ወደ ተራራው ይጎርፋል። በእጅና በእግር ቋጥኝ እየቧጠጡ መውጣት እዚህ ትልቅ ስፖርት ነው። የሚወጣ ባለበት ደግሞ የሚወድቅ አይጠፋም። በግዛቲቱ ሕግ የጠፋን የመፈለግና የተጎዳን የማውጣት ኃላፊነት የየካውንቲው ሸሪፍ ነው፤ ሥራውን በተግባር የሚሠሩት ግን በአብዛኛው ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በቦልደር የሚገኘው የሮኪ ማውንቴን የነፍስ አድን ቡድን ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1947 የተመሠረተ ሲሆን፣ አባላቱ እስከ ዛሬ ድረስ በነጻ ያገለግላሉ፤ ከተረጂውም ክፍያ አይጠይቁም። ክፍያ የማይጠየቅበት ምክንያት ቸርነት ብቻ አይደለም። ሒሳብ ይመጣብኛል ብሎ የፈራ ሰው እርዳታ ሳይጠራ ይዘገያል፤ ሲዘገይ ይጨልማል፤ ሲጨልም ሟቹም አዳኙም ይበዛል።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የዚህ ዓይነት ቡድን አባል ናት። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን፣ «ለልምምዳችን የቆሰለ ሰው ሆኖ የሚተኛልን እንፈልጋለን፤ ትመጣለህ?» አለችኝ። ሥራው መተኛት ብቻ ከሆነ ብዬ እሺ አልኳት።

*

ልምምዱ የተካሄደው ቀጥ ብሎ በቆመ ቋጥኝ ላይ ነበር። ቁልቁለቱ ከመክፋቱ የተነሣ የአዳኙም የተጎጂውም ክብደት ሙሉ በሙሉ በገመድ ላይ ያርፋል፤ እግር የሚረግጠው ነገር የለም ማለት ይቻላል። የራስ ቁር ደፉልኝ፤ በቃሬዛው ውስጥ አስተኙኝ፤ ከትከሻዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ በመታጠቂያ ተበተቡኝ። ባልደረባዬ ከቃሬዛው ጎን ታጥቃ ቆመች። የእርሷ ድርሻ ገደሉን አብራኝ መውረድ፣ ቃሬዛው ከድንጋይ እንዳይጋጭ መግፋት፣ ከእኔም ጋር ሳያቋርጡ ማውራት ነበር። ሁለታችን ከነቃሬዛው 200 ኪሎ ያህል እንሆናለን።

ቃሬዛው ከአፋፉ ሊሻገር ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረው «ቁም!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ነገር በቅጽበት ቀጥ አለ። ጮኻ ያስቆመችው ከቡድኑ ጋር ከተቀላቀለች ሁለት ወር ያልሞላት የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። ከቃሬዛው ማንጠልጠያዎች አንዱ ካራቢነር፣ ማለትም የሚከፈትና የሚቆለፍ የብረት ቀለበት፣ አለመቆለፉን አይታለች። የቡድኑ መሪ በዚህ ሥራ ከ20 ዓመት በላይ የቆየ ሽበታም ሰው ነው። ያን ቀለበት ጥቂት ቀደም ብሎ የፈተሸውም እርሱ ራሱ ነበር። ምን ይል ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። እኔ ባደግሁበት አገር ልጅ ሽማግሌን በሰው ፊት ሲያርም የሚከተለውን ስለማውቅ፣ ስለ ልጅቱ እኔ ተሳቀቅሁ። ሰውየው ግን «አመሰግናለሁ» ብቻ አላት። ቀለበቱ ተቆለፈ፤ በሌላ ሰው እንደገና ተፈተሸ፤ ሥራው ቀጠለ።

በኋላ ስጠይቅ እንደተረዳሁት ይህ የሕጎቻቸው ሁሉ ራስ ነው። «ልቀቅ» ወይም «ሳብ» ብሎ ማዘዝ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። «ቁም» ማለት የሚችለው ግን ማንኛውም ሰው ነው። ከሁሉ አዲስ የሆነውም ቢሆን ከተናገረ ሁሉም ይቆማል። ክርክር የለም፤ «አንተ ማን ነህ?» የለም። ያስቆመው ሰው ተሳስቶ ቢሆን እንኳ የጠፋው ግማሽ ደቂቃ ነው። ትክክል ሆኖ ሳይሰማ ቢቀር ግን የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነው። ይህን ሒሳብ ሠርተው ጨርሰዋል።

*

በገደሉ ወገብ ላይ ተንጠልጥዬ ሰማይ ሰማይ ሳይ በአእምሮዬ የመጣው የኮሎራዶ ቋጥኝ አልነበረም።

የተወለድሁት በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ነው። ቀዬአችን ከገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ በዕድሜ የሚበልጠኝ አንድ የጎረቤት ልጅ ያመለጠች ፍየል ሊመልስ ሲወርድ አዳልጦት በገደሉ መካከል ካለች ጠባብ እርከን ላይ ወደቀ። እግሩ ተሰብሯል፤ ነገር ግን ይናገር ነበር። ድምፁን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኡኡታው ሲሰማ የአገሩ ወንድ ሁሉ መጫኛውን እየያዘ ደረሰ። ወርዶ የሚያነሣው ማነው ሲባል አጎቴ ነጠላውን ጣለና «እኔ» አለ። በጠፍር መጫኛ ወገቡን ታስሮ ወረደ። ልጁን በብብቱ ሥር ጠፍሮ አሰረውና «ሳቡ!» ብሎ ተጣራ።

ሳቡ። ቁጥራቸው ከ15 አያንስም፤ ሁሉም ጉልበተኞች፣ ሁሉም ልጁን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። ከአፋፉ በታች ወደ ውጭ ያፈነገጠ ድንጋይ ነበር። ልጁ እዚያ ሲደርስ ከድንጋዩ ሥር ተሰነቀረ። አጎቴ ከታች ሆኖ «ቆዩ! ቆዩ!» እያለ ይጮኻል፤ ከላይ ግን ሆታ ነው፤ የሚሰማው የለም። መጫኛው ሲከብድባቸው «በርቱ!» ተባባሉና ይበልጥ ተረባርበው ሳቡ። ልጁ ወጣ። ሲወጣ ግን አይተነፍስም ነበር።

ያ ቀን በአገራችን የሚተረከው እንደ ጀግንነት ቀን ነው። አጎቴም የተመሰገነበት ነው። እርሱ ግን የዚያ ቀን ወሬ ሲነሣ ጋቢውን ደርቦ ከቤት ይወጣ ነበር። ለምን ይወጣ እንደነበር የገባኝ ከ40 ዓመት በኋላ፣ በሰው አገር፣ በቃሬዛ ላይ ተኝቼ ነው። ልጁን የገደለው ውድቀቱ አልነበረም። ልጁን የገደለው ከላይ የነበረው ጉልበትና ከታች የነበረው ድምፅ አለመገናኘታቸው ነው።

*

አሁን ስለ ሥራው ጥቂት ላብራራ። አንባቢዬ ገመድ ወጣ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሐሳቡ ቀላል ነው።

በዚያ ልምምድ ላይ አንድ ሰው በአፋፉ ጫፍ ላይ ታስሮ ይቀመጣል። ይህ ሰው ገመድ አይስብም፤ አይለቅምም። ሥራው ማየት፣ መስማትና የታችኛውን ቃል ለላይኛው ማድረስ ብቻ ነው። ከሳቢዎቹ አንዳቸውም ተጎጂውን አያዩትም፤ ስለዚህ እነርሱ የሚያምኑት በጉልበታቸው ሳይሆን በዚያ ሰው አፍ ነው። ጭነቱ ድንገት ሲከብድ «በርቱ» አይባልም፤ «ቁም» ይባላል። አንድ ነገር ከብዷል ማለት አንድ ነገር ተይዟል ማለት ነውና። መዘውር የአንድን ሰው ጉልበት ሦስት እጥፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ሦስት እጥፍ የሆነው ጉልበት ግን ቃሬዛን ከድንጋይ ያላቅቅ ወይም አጥንት ይስበር ራሱ አያውቅም።

ሁለተኛው ነገር የገመዱ ቁጥር ነው። ሁለት ገመዶች አሉ፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ይታሰራሉ፤ በተለያዩ ሰዎች እጅ ይያዛሉ። አንዱ ቢበጠስ፣ ወይም አንዱን የያዘው ሰው ቢሳሳት፣ ሌላው ይይዛል። ገመድ የሚታሰርበትን ቦታ «መልህቅ» ይሉታል፤ እርሱም ቢሆን በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ እንዲንጠለጠል አይፈቀድም። አለቃው ገመዱን ሁሉ በዓይኑ እየተከተለ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ከዚህ ሁሉ ዕቃና ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል፣ እርሱ ብቻውን ቢከዳን የምንሞትበት አለ ወይ?» ካለ ሥራው አይጀመርም።

ሦስተኛው ደግሞ የፊሽካው ጥያቄ ነው። በየትኛውም ሰዓት ፊሽካ ቢነፋና ሁሉም ሰው የያዘውን ገመድ ቢለቅ ጭነቱ ይወድቃል ወይስ ባለበት ይቆማል? መልሱ «ይቆማል» መሆን አለበት። ለዚህም በዋናው ገመድ ላይ ሲላላ የሚንሸራተት፣ ሲወጠር ግን አንቆ የሚይዝ ቀጭን የገመድ ቋጠሮ ይጨመራል፤ በፈልሳፊው በኦስትሪያዊው ካርል ፕሩሲክ ስም ፕሩሲክ ይባላል። ልብ በሉ፤ ጥያቄው የተፈጠረው ያዦቹ ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም። ንብ ሊነድፋቸው፣ ድንጋይ ሊመታቸው፣ ሊደክሙ ስለሚችሉ ነው። በሰው ደግነት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ነፍስ ተንጠልጥሏል እንጂ አልዳነም።

*

ይህ ሁሉ ሕግ ከሰማይ አልወረደም። በሰው ሬሳ የተገዛ ነው። አንዱን ልንገራችሁ።

በስዊትዘርላንድ አይገር የሚባል ተራራ አለ። ሰሜናዊው ግድግዳው ለዘመናት ማንም ወጥቶ ያልጨረሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1936 ሁለት ጀርመኖችና ሁለት ኦስትሪያውያን ሊወጡት ሞከሩ። አንዱ ሲቆስል፣ የአየሩም ጠባይ ሲከፋ ለመመለስ ወሰኑ። ነገር ግን አንዱን ለስላሳ ቋጥኝ በአግድም ሲሻገሩ የተጠቀሙበትን ገመድ ነቅለው ወስደውት ስለነበር መመለሻ አጡ። በቀጥታ ለመውረድ ሲሞክሩ ናዳ መታቸው፤ ሦስቱ ሞቱ። በሕይወት የቀረው ቶኒ ኩርዝ የተባለ የ23 ዓመት ወጣት ብቻ ነበር። በተራራው ሆድ ውስጥ የባቡር መንገድ ያልፋል፤ አስጎብኚዎች በዋሻው መስኮት ወጥተው ጩኸቱን ሰሙ። ሌሊቱን ተንጠልጥሎ አደረ። በማግስቱ አንድ እጁ በብርድ ደርቆ ሳለ የያዘውን ገመድ በቀረው እጁና በጥርሱ እየፈታ፣ ክሩን እየቀጠለ ቁልቁል ላከው። እነርሱም ገመድ አሰሩለት። የላኩት ገመድ አልደርስ ስላለ ሁለት ገመዶች ቀጠሉለት። ኩርዝ መውረድ ጀመረ። አዳኞቹ ዘንድ ሊደርስ ጥቂት ሜትር ሲቀረው የሁለቱ ገመዶች መጋጠሚያ ቋጠሮ ከካራቢነሩ አላልፍ አለ። ታገለ፤ አቃተው፤ እዚያው ተንጠልጥሎ ሞተ። ቀኑ ሐምሌ 22 ቀን 1936 ነበር።

ዛሬ ቋጠሮን በተጫነ ገመድ ላይ ማሳለፍ ለአዲስ ሠልጣኝ የሚሰጥ የተለመደ ልምምድ ነው። ኩርዝን የገደለው ቋጠሮ የተማሪ የቤት ሥራ ሆኗል። ሥልጠና ማለት ይኸው ነው፤ የአንድ ሰው ሞት ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ማድረግ።

ያ ዓመት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ኩርዝ ከመሞቱ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሰኔ 30 ቀን 1936፣ በዚያችው በስዊትዘርላንድ ምድር፣ በጄኔቭ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ነበር። አገራችንም የተንጠለጠለችው በገመድ ነበር፤ «የጋራ ደኅንነት» ይባል ነበር። በወረቀት ላይ ወፍራም ገመድ ነበር። ነገር ግን ከባድ ጭነት ሰቅሎ የፈተነው አልነበረም፤ ሲሰቀልበት ተበጠሰ። ያልተፈተነ ገመድ ጌጥ እንጂ ገመድ አይደለም።

ወደ ተራራው ልመለስ። ከ21 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1957፣ በዚያው ግድግዳ ላይ ክላውዲዮ ኮርቲ የተባለ ጣሊያናዊ ተይዞ ቀረ። በዚህ ጊዜ ከጀርመን፣ ከስዊትዘርላንድ፣ ከፈረንሳይ፣ ከጣሊያንና ከፖላንድ የተሰበሰቡ በጎ ፈቃደኞች ተራራው ጫፍ ላይ የብረት ገመድ መጠምጠሚያ ተከሉ። ከሙኒክ የመጣው አልፍሬድ ሄለፓርት በዚያ ቀጭን የብረት ገመድ ከ300 ሜትር በላይ ወርዶ ኮርቲን በጀርባው አዝሎ ወጣ። ጓደኛው ስቴፋኖ ሎንጊ አልተረፈም። ቢሆንም ከአይገር ግድግዳ ላይ ሰው ከላይ በወረደ ገመድ በሕይወት ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ከ12 ዓመት በፊት በጦርነት ሲተራረዱ የነበሩ ሕዝቦች ልጆች ናቸው በአንድ ገመድ ላይ የተረባረቡት። በ1936 የነበሩት አስጎብኚዎች ከእነዚህ በድፍረት ያንሱ ነበርን? አያንሱም። ልዩነቱ የብረት ገመዱንና መጠምጠሚያውን የሙኒኩ የነፍስ አድን መሪ ሉድቪግ ግራሚንገርና መሰሎቹ አስቀድመው ለዓመታት ሲያሻሽሉትና ሲለማመዱበት መቆየታቸው ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ የነፍስ አድን ባለሙያዎች ተሰብስበው ያመኑባቸውን የገመድ መያዣ ዘዴዎች ሊፈትኑ ወሰኑ። እስከ 280 ኪሎ የሚደርስ ጭነት በ3 ሜትር ገመድ ላይ አንድ ሜትር እንዲወድቅ ያደርጋሉ፤ ዘዴው በአንድ ሜትር ውስጥ ካቆመው አለፈ፤ ካላቆመው ወደቀ። ለአንድ ተራራ ወጪ የሚበቁ፣ ሊቃውንቱ በየመድረኩ ያስተማሯቸው ዘዴዎች ለአዳኝና ለተጎጂ ክብደት ሳይበቁ ቀሩ። «እኔ ለብዙ ዓመታት ተጠቅሜበታለሁ» የሚለው ክርክር በብረት ጭነት ፊት አልቆመም። ብረት ማዕረግ አያውቅም። ዛሬም ቢሆን ሁለቱን ገመዶች እንዴት እንካፈላቸው የሚለው ጥያቄ በፈተና እየታረመ ነው፤ ሁለተኛው ገመድ ላላ ብሎ ይጠብቅ የሚለው የቀድሞ ልማድ፣ ሁለቱም ገመዶች ጭነቱን ይካፈሉ ለሚለው ቦታ በመልቀቅ ላይ ይገኛል። ያስተማሩት መምህራን አላፈሩበትም።

*

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይረባናል? አምቡላንስ ባልተዳረሰበት አገር የገመድ ነፍስ አድን ቅንጦት አይደለም ወይ? ይህ በፈቃዳቸው ገደል የሚወጡ የሀብታም አገር ሰዎች ጣጣ ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተቃውሞው ክብደት ስላለው በቀልድ አላልፈውም።

መልሴ ይህ ነው። በእኛ አገር ገደል የሚወጣው ለስፖርት አይደለም። እረኛው ከፍየሉ ኋላ ይወርዳል፤ ማር ቆራጩ በቋጥኝ ላይ ይንጠላጠላል፤ በገርዓልታ ቄሱ ሊቀድስ፣ ምእመኑ ሊሳለም በእጅና በእግር እየቧጠጠ ወደ አቡነ የማታ ጉህ ይወጣል። የአዲስ አበባው የግንባታ ሠራተኛ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ይውላል። ገደሉ የኑሯችን ክፍል ነው። ለመደሰት ለሚወድቅ ሰው ገመድ ከተዘጋጀ፣ እንጀራ ፍለጋ ለሚወድቀው እንዴት ቅንጦት ይሆናል?

ደግሞስ ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ ነውን? ወደ ደብረ ዳሞ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ትውፊቱ እንደሚለው አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘንዶ እየደገፋቸው ወጡ፤ ከእርሳቸው በኋላ ያለው ሁሉ የሚወጣው ግን በገመድ ነው። 15 ሜትር ያህል ነው። ወጪው በእጁ የሚይዘው ከቆዳ የተገመደ ጠፍር አለ፤ ከዚህ ሌላ ሁለተኛ ገመድ ወገቡን ያስረዋል፤ ጫፉም ከላይ በመነኩሴ እጅ ነው። እጁ ቢከዳው ወገቡ ይያዛል። ካናዳውያን በብረት ፈትነው የደረሱበትን የሁለተኛ ገመድ ጥበብ አባቶቻችን በአፋፉ ላይ ሲሠሩበት ኖረዋል ማለት ነው። የጎደለን ዕውቀቱ አይደለም፤ ዕውቀቱን ከገዳሙ አፋፍ ወደ መንደሩ አፋፍ ማውረዱ ነው።

የሚያመውንም ልናገር። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ ሐምሌ 22 ቀን 2024፣ ኩርዝ በሞተበት ዕለት መሆኑ ነው፣ በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት መንሸራተት ደረሰ። ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ፣ ሁለተኛው ናዳ የወረደባቸው ሰዎች ነበሩ። በእነዚያ ሰዎች ላይ ጣቴን የምቀስር አይደለሁም፤ ፍቅራቸው ከእኔ ብዕር በላይ ነው። ነገር ግን በዚያ ልምምድ የሰማሁት የመጀመሪያው ትምህርት «ከሁሉ በፊት የአዳኙ ደኅንነት፣ ቀጥሎ የባልደረቦቹ፣ ከዚያ የተጎጂው» የሚል ነበር። ስሰማው ራስ ወዳድነት መስሎኝ ተቀይሜ ነበር። ጎፋን ሳስብ ግን ገባኝ። ሮጦ ከመድረስ በፊት ቆሞ ተራራውን የሚመለከት፣ «ቁሙ፤ ገና አልረጋም» የሚል፣ ሲልም የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል። ያን ሰው በመከራ ቀን መፍጠር አይቻልም። አስቀድሞ መሾም፣ ማሠልጠን፣ ሥልጣን መስጠት ያሻል።

ታዲያ ከየት እንጀምር? ሐሳቤ ይኸውላችሁ። ዕድር አለን። ዕድር ድንኳን አለው፤ ወንበር አለው፤ የአባላት መዝገብ አለው፤ ተራ አለው፤ የቀረ ይቀጣል። ሞት ከመምጣቱ በፊት ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በዓለም ላይ በአደጋ ዝግጁነት እንደ እኛ የሚመሰገን ሕዝብ ላይኖር ይችላል፤ ነገር ግን የተዘጋጀነው ለቀብር ነው። ይህንኑ ሥርዓት ለነፍስ ማዳን ብናውለውስ? ገደል ባለበት ቀበሌ ሁሉ ባይሆን እንኳ፣ እንደ ገርዓልታና እንደ ሰሜን ተራሮች ባሉ ቦታዎች፣ ቋጥኙን እንደ ቤታቸው ደጃፍ የሚያውቁትና ለጎብኚ እግር ማሳረፊያ የሚያሳዩት ወጣቶች ተመርጠው፣ በመዝገብ ሰፍረው፣ በተራ ተመድበው፣ በየወሩ በቁርጥ ቀን ቢለማመዱ? ገመዱ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚፈትሸው፣ መቼ እንደሚወገድ ተጽፎ ቢታወቅ? ያረጀ ገመድ ከገመድ ማጣት ይብሳልና። አሠልጣኝም ከዳያስፖራው መካከል ሊገኝ ይችላል። በየተራራው ግርጌ የምንኖር ስንት ነን! ለመዋጮ ሲጠሩን ገንዘብ እንልካለን፤ ዕውቀት ብንልክስ?

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ገመድና መዘውር ገዝቶ፣ ሪባን ቆርጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ መሄድ ቀላል ነው። ከባዱ ዕቃው አይደለም። ከባዱ፣ የ19 ዓመት ልጅ የወረዳውን ሹም ወይም የአገሩን ሽማግሌ «ቁም!» ስትል፣ ሹሙ ቆሞ «አመሰግናለሁ» የሚልበትን ልማድ ማስለመድ ነው። ይህ ካልተለመደ የሚገዛው ገመድ ሁሉ የሳቢዎቹን ጉልበት ይጨምር እንደሆነ እንጂ ከታች ያለውን ሰው አያድነውም።

ቋንቋችን ሥልጠናን፣ ሥልጣንንና ሥልጣኔን ከአንድ ሥር አብቅሏል። እኛ ግን ሥልጣንን «ሳብ!» የማለት መብት ብቻ አድርገን ተርጉመነዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን ስለ ማበር እንተርታለን፤ መልካም ነው። ያበሩት 15 ወንዶች ግን ልጁን ሲስቡት አብረው ነበር። ማበር ብቻውን አላዳነውም። ያበረውን ጉልበት የሚያስቆም አንድ ድምፅ ያስፈልገው ነበር።

አጎቴ ዛሬ በሕይወት የለም። ቢኖር ኖሮ ስልክ ደውዬ አንድ ነገር ብቻ እነግረው ነበር፦ «ጋሼ፣ ጥፋቱ ያንተ አልነበረም፤ አንተ ጮኸሃል። በአፋፉ ላይ የሚሰማ ሰው አላስቀመጥንም ነበር።»

ቸር እንሰንብት።